ከጥገኛ ሐረግ ነፃ

ሐሙስ፣ ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው

አርባውም ጆንያ የአልፋልፋ ዘር ዛሬ ወጣ። ጠዋት በዘር ማኅበራችን መጋዘን በር ላይ የነበረው ግፊያ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ የሚጥል ነው የሚያስመስለው። ሥራ አስኪያጁ ሦስት ጊዜ ብቅ ብሎ "አላለቀም?" አለ። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ደብተሩ የራሴ ስለሆነ "አንተ" ይበቃዋል። አለቀ። በየጆንያው አፍ ላይ አረንጓዴ ካርድ ታስሯል። ካርዱ ላይ "ከጥገኛ ሐረግ ነፃ" የሚል ማኅተም አለ፤ እኛ ክር የምንለውን አረም ማለቱ ነው፤ ከማኅተሙ ሥር የእኔ ፊርማ አለ።

ጋሼ ወንፊት ከማክሰኞ ቀትር ጀምሮ የሉም። እህታቸው ሆስፒታል ገብታ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዘር ማጽጃውን ማሽን ያንቀሳቀሱት እሳቸው ናቸው፤ ሲቸኩሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት ጣል አድርገው ኮታቸውን እንኳ በደንብ ሳይለብሱ ወጡ። የፈቃድ ወረቀት ነው። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ከሌሎቹ ፈቃዶች ጋር መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።

የትናንቱን ነገር ትናንት ጽፌዋለሁ። አልደግመውም።

ሰኞ

ጋሼ ተመለሱ። እህታቸው ተሽሏታል።

"አርባው ጆንያስ?" አሉ ገና ኮታቸውን ሳይሰቅሉ።

"ወጣ።"

"ናሙናውን ማን አየው?"

"እኔ ነኛ። መርማሪዋ ማን ሆነና?"

ወደ ማሽናቸው ሄደው ከፋይ ጨርቅ የለበሱትን ሁለት ሮለሮች በመዳፋቸው ዳሰሱ። ተመልሰው መጡና "ወረቀቴን አግኝተሽዋል?" አሉኝ።

"አግኝቼዋለሁ።"

"እሺ።"

ቀኑን ሙሉ ያቺ "እሺ" ስትከተለኝ ዋለች። ቤት ገብቼ ልጄን በማይረባ ነገር ተቆጣኋት። ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች ብዬ።

ረቡዕ፣ ዝናቡ ከገባ ሦስተኛ ሳምንት

የክፍላችን መብራት ደካማ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ይቀየርልኝ ብዬ አመለከትኩ። የመብራት ሠራተኛው መጥቶ ቀና ብሎ አየና "እትዬ፣ ከዚህ በላይ ይደረግልኝ ካሉማ ፀሐይዋን ራሷን ነው የማመጣልዎ" ብሎ ስቆ ሄደ። ባለጌ።

በቃ። ለራሴ ልዋሽ አይደለም ደብተር የገዛሁት።

ከሁለት ዓመት በፊት የዓይን ሐኪሙ "የዓይንሽ መሃሉ ቀድሞሽ አርጅቷል" ብሎኛል። መነጽር አያግዘውም። አልታወርም፤ መንገድ አያለሁ፣ ሰው አያለሁ፣ ሩቁን ተራራ አያለሁ። ትክ ብዬ የማየው ነገር መሃሉ ላይ ግን ይጠፋል፤ ጠርዙ ብቻ ይቀራል። "ዘር ማየት እችላለሁ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ምን የሚያህል ዘር?" አለ። "ከሰናፍጭ የሚያንስ።" ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለልጄም።

ጋሼ ሳልነግራቸው አወቁ። አንድ ቀን ነጩ ወረቀት ላይ ተደፍቼ በወረንጦ ባዶ ቦታ ስለቅም መጥተው "ተነሺ እስቲ፣ ወገብሽ ይዘርጋ" አሉና ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ዘሩን በጣታቸው እየገፉ "አራት የአረም ፍሬ፣ አንድ ጠጠር፣ ሁለት ገለባ። ክር የለም" አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ። እኔ መዘገብኩ። በማግስቱም እንዲሁ። ሁለት ዓመት እንዲሁ። ደብዳቤ ሲመጣም "ይሄን ነገር ስሚልኝማ" ብለው ያነቡልኛል፤ እሳቸው ምክር የሚጠይቁኝ ይመስል። አንድም ቀን በመካከላችን "አታዪም" የሚል ቃል አልወጣም።

ማሽን የሚነዳ ሰው ናሙና እንዲመረምር ደንቡ አይፈቅድም። ያጸዳው አንድ፣ የሚፈትሸው ሌላ ነው የሚለው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ጋሼን አያውቋቸውም።

ይህን የምጽፈው በወፍራም እስክሪብቶ፣ መስመር በሌለው የሥዕል ደብተር ላይ፣ ፊደሉን እንደ ሱቅ ማስታወቂያ አሳድጌ ነው። ልጄ "እማ፣ የሥዕል ደብተር ለምንሽ ነው?" አለችኝ። "ልሥልበት" አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ቅዳሜ፣ አምስተኛው ሳምንት

ምንም የለም። ዝናቡ ጥሩ ነው። ስለ አርባው ጆንያ ያነሳ የለም። አሁን አሁን እየቀለለኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰባተኛው ሳምንት

ቸኩያለሁ። ባለላሟ መጣች። ሦስት የወተት ላሞች ያላት፣ ዘር ከእኛ የምትገዛዋ። በፌስታል ይዛ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። የአልፋልፋ ግንድ፣ በላዩ ቢጫ ክር ተጠምጥሞበት። አላየሁትም፤ በጣቴ ነው ያወቅሁት። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ የተቀቀለ ፓስታ። ነገ ማሳው ድረስ እንሄዳለን። ጋሼ ማሽኑን አላጠፉም፤ ቀናም አላሉም።

ረቡዕ፣ ማታ

እጄ ይሸታል፤ የተቀደደ ቅጠል ሽታ። ሁለት ጊዜ ታጥቤዋለሁ።

በማኅበሩ ፒካፕ ሄድን፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ጋሼና እኔ። ገና ከዋናው መንገድ ሳንወጣ "እዚያ ጋ ነው" አልኩ። ከአረንጓዴው መሃል ቢጫ ቀለም የፈሰሰበት ቦታ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን አስግጎ ፈልጎ ፈልጎ "ኧረ አዎ፣ ዓይንዎ ግሩም ነው!" አለ። ጋሼ በመስኮቱ ወደ ሌላ ወገን አዩ። ከሩቅ ማ ይችለኛል።

ባለላሟ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነበረች። "እህቴ፣ አንድ ነገር አስረጂኝ" አለችኝ። "ሥሩን ፈልጌ አጣሁት። ከየት ነው የሚወጣው?"

አስረዳኋት፤ ይህን ማስረዳት ሥራዬ ነው፣ ለስንት ሰው አስረድቻለሁ። ዘሩ እንደ ማንኛውም ዘር አፈር ውስጥ ይበቅላል። የሚያወጣው ግን ክር ብቻ ነው፤ ቅጠል የለውም፣ አረንጓዴም የለውም፣ የራሱን ምግብ መሥራት አይችልም። ሥር አለው፤ የሚያቆየው ግን ጥቂት ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ጫፉን እያዞረ፣ እየተወላወለ በአጠገቡ ያለውን ተክል ይፈልጋል። ሽታውን ተከትሎ ነው የሚሄደው ይላሉ። ካላገኘ ደርቆ ይቀራል። ካገኘ ይጠመጠምበትና በተጠመጠመበት በኩል እንደ ጥርስ ያለ ነገር ግንዱ ውስጥ ይሰካል። ውኃውንም ምግቡንም ከዚያ ይጠጣል። አንዴ መጠጣት ከጀመረ ሥሩን ይተወዋል። ሥሩ ደርቆ ይበጠሳል፤ ከዚያ በኋላ መሬት አይነካም።

"የያዛት ተክልስ? ትሞታለች?"

"ቶሎ አትሞትም። እሷ ከሞተች እሱም ይሞታል። እየቀጠነች፣ እየገረጣች ትኖራለች። እስከዚያ እሱ ወደ ጎረቤቷ ይሻገራል።"

"እና ደግሞ አበባ አለው" አለች፤ አንዱን ዘለላ በጥሳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ትንንሽ፣ ነጫጭ፣ የተጨናነቁ አበቦች። በጣቴ ስዳስሰው እንደ ሰም ነው። ንብ ሳይቀር ይመጣለታል። ከአንድ ክር ሺህ ዘር ይወድቃል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ አሥር ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሳይበሰብስ ይጠብቃል።

"ብልጥ ነው" አለች ባለላሟ።

"ብልጥ አይደለም" አልኳት፤ ድምፄ ጨከነ። "ሌላ መኖሪያ ስለሌለው ነው።"

ለአረም ለምን እንደተቆጣሁለት አላውቅም። ጋሼ ጭቃውን ከጫማቸው ላይ በእንጨት እየፋቁ ነበር፤ አቆሙና አዩኝ፣ ከዚያ መፋቃቸውን ቀጠሉ።

ማሳው ከእነ አልፋልፋው ታጭዶ እዚያው ይቃጠላል። ቁራጩ መንገድ ላይ ከወደቀ ሌላ ተክል ላይ ይያዛል፤ ስለዚህ ለላሞቹም መስጠት የለም። ከዚያ ለዓመታት ስንዴ ወይም በቆሎ ይዘራበታል፤ ክሩ እነሱን አይዝም። ባለላሟ ይህን ሁሉ ሰምታ አላለቀሰችም። "ላሞቼ እስከዚያ እየጦሙ ይጠብቁኝ?" ብቻ አለች። ካርዱን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ አሳየችኝ፤ አረንጓዴው ካርድ። "ይኸው ነፃ ነው ይላል" አለች።

አርብ

ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት አጣሪዎች መጡ። ሌላ አራት ማሳ ላይም ክሩ ተገኝቷል፤ ሁሉም ከአርባው ጆንያ።

ማሽኑን ፈታቱት። ችግሩን በአሥር ደቂቃ አገኙት፤ ከፋዩ መላጣ ሆኗል፣ በአንዱ ሮለር ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል። የክሩ ዘር ሸካራ ነው፤ ከፋይ ላይ ሲንከባለል ጠጉሩ ይይዘዋል። የአልፋልፋ ዘር ለስላሳ ነው፤ ተንሸራትቶ ያልፋል። እንዲህ ነው የሚለያዩት። መላጣ ከፋይ ግን ሁሉንም ያሳልፋል።

"ይህን አላዩም?" አሏቸው ጋሼን።

"አይቻለሁ።"

"ለማን አመለከቱ?"

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "አንዴ ከሆነ በኋላ ማመልከቱ ምን ያደርጋል" አሉ።

ወደ እኔ ዞሩ። "ናሙናውስ?"

"አይቻለሁ። ክር አልነበረበትም። አርባ ጆንያ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ከሆነ ናሙና ሊያመልጠው ይችላል።"

እውነት ነው፤ ሊያመልጠው ይችላል። አምነውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከወጡ በኋላ ሁልጊዜ ከንፈሯን የምትቀባዋ የሒሳብ ክፍል ሴት በኮሪደሩ ላይ ለጓደኛዋ "ሽማግሌው እኮ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድሮም ጡረታ መውጣት ነበረባቸው" ስትል ሰማሁ። አልፌያት ሄድኩ።

እሑድ

መሳቢያዬን ከፈትኩ፤ ወረቀቱን ቤት ይዤው መጥቻለሁ። ለምን እንዳመጣሁት አላውቅም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አውቃለሁ። ልጄ ልብስ ልታጥብ ስትወጣ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩና በአጉሊ መነጽር፣ ዓይኔን ወደ ጎን እያዞርኩ፣ ፊደል በፊደል ለቀምኩት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

"ማክሰኞ። ከፋዩ መላጣ ሆኗል፣ አሁን ነው ያየሁት። አርባው ጆንያ እንዳይወጣ። ማሽኑ አዲስ ከፋይ ለብሶ ዘሩ እንደገና ይጽዳ። ናሙናውን ስመለስ አብረን እናየዋለን።"

የፈቃድ ወረቀት አልነበረም።

እሳቸው ሁልጊዜ ያነቡልኝ ነበር። ያን ቀን ብቻ ቸኮሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠንቅቀው አንድ ቀን ብቻ፣ እህታቸው ልትሞትባቸው ስትል፣ እኔ እንደማላነብ ረሱ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ጥፋቱን ወደ እሳቸው ጎተት እያደረግሁት ነው።

ማክሰኞ፣ ስምንተኛው ሳምንት

ማሽኑ እየጮኸ ሳለ አጠገባቸው ቆምኩ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

"ጋሼ፣ ወረቀትዎ እኔ ጋ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አላነበብኩትም ነበር።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?"

"ምን ልበላቸው? ጽፌላታለሁ ብል 'ለምን አላነበበችውም' ይላሉ። ከዚያስ?" ዘሩን በእፍኛቸው ዘግነው መልሰው አፈሰሱት። "እኔ ለጡረታዬ አራት ወር ነው የቀረኝ፤ እነሱም ቢበዛ ይቆጡኛል። አንቺ የምታስተምሪያት ልጅ አለሽ።"

"ቁጣ ብቻ አይደለም፤ ያባርሩዎታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው በጥፋት ተባረሩ ሊባል? ስም እኮ ነው።"

"የቱን ስሜን? ሁሉ ሰው ወንፊት ነው የሚለኝ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ከልቤ ነበር የሳቅሁት፤ ቀለለኝ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩና የዛሬውን ናሙና እሳቸው አዩልኝ፣ እኔ ፈረምኩ።

እምቢ አላልኳቸውም። ይህን ከሁሉ በትልቁ ልጻፈው። እምቢ አላልኳቸውም።

ሐሙስ

ስብሰባው ሃያ ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቶቹን ደርድሮ፣ ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ አጣሪዎቹ ሁለቱም።

"የዘር ማጽጃው ሠራተኛ ስለ ከፋዩ በቃልም ሆነ በጽሑፍ አሳውቀውዎት ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

ጋሼ ወለሉን አዩ።

"አላስታውስም" አልኩ።

ቢያንስ "አላሳወቁኝም" አላልኩም። መንገድ ላይ ይህን እየደጋገምኩ መጣሁ። ቢያንስ አላልኩም። ቢያንስ። የቤቴን በር ስከፍት ግን ቃሉ ባዶ ሆነብኝ፤ "አላስታውስም" ብሎ የሚዋሽ ሰው ከዋሾ የሚለየው በፍርሃቱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ልጄ "እማ፣ ምን ሆነሻል?" አለች። ራሴን አሞኝ ነው አልኳት። ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ። ሻዩን ጠጣሁ።

ረቡዕ፣ ዘጠነኛው ሳምንት

አሁንም በየጠዋቱ ናሙናውን ያዩልኛል። "ሦስት የአረም ፍሬ፣ ክር የለም።" ድምፃቸው አልተቀየረም። ቢቀየርልኝ እመርጥ ነበር። ቢያኮርፉኝ፣ ቢጮሁብኝ። አዲሱን ከፋይ አልብሰውታል፤ ራሳቸው በመርፌ ሰፍተው፣ ሊባረሩበት ለሚችሉት ማሽን።

ባለላሟ ማሳዋን አቃጠለች ይባላል። አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ።

ሰኞ፣ አሥረኛው ሳምንት

ከሰዓት በኋላ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ "ዛሬውኑ ይፈለጋል" ብላ ሄደች። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ጋሼ ዘረጋው። ሳላስብ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲመጣ እጄ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ተቀበሉኝ። ፖስታውን ከፍተው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰቀሉና "ይሄን ነገር ስሚልኝማ" አሉ፤ ጀመሩ። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን አነበቡ። ከዚያ የራሳቸውን ስም ከእነአባታቸው አነበቡ፤ ሌላ ሰው ስም እንደሚያነቡ። "በዘር ማጽጃ ክፍል ባሳዩት ከባድ ቸልተኝነት ከመጪው ወር መጀመሪያ አንስቶ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እየገለጽን፣ የቅርብ ኃላፊያቸው በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን።" ምንም አልዘለሉም። ድምፃቸው "አራት የአረም ፍሬ፣ አንድ ጠጠር" ሲሉ ከነበረው አልጎደለም፣ አልጨመረም።

ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጡና አመልካች ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

"እዚህ ጋ ነው የምትፈርሚው።"

ጣታቸውን አላነሱም፤ ካነሱት ቦታውን እንደማላገኘው ያውቃሉ። እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ጣታቸው ጥፍሩ ውስጥ የዘር ብናኝ ነበረበት፤ ያንን በጠርዝ ዓይኔ አየሁት።

"ነገ እፈርማለሁ" አልኩ።

"ነገም ያው ወረቀት ነው" አሉና ወደ ማሽናቸው ሄዱ።

ማክሰኞ

ገና ሥራ ሳይጀመር ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። የስንብቱን ደብዳቤ ሳልፈርምበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከላዩ የጋሼን ወረቀት አስቀመጥኩ።

"ያንብቡልኝ" አልኩት።

"ምን ማለትዎ ነው? ራስዎ ያንብቡት እንጂ።"

"አይታየኝም። ሁለት ዓመት ሆነኝ።"

ፈገግ አለ፤ የቀለድኩ መስሎታል። "ያን ቀን ከመኪናው ውስጥ ከሁላችን ቀድመው ያዩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ከሩቅ አያለሁ። የማላየው ከቅርብ ነው። ያንብቡት።"

አነበበው። "ማክሰኞ" የሚለው ጋ ሲደርስ ቆም አለና ቀኖቹን በጣቱ ቆጠረ። ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ እዚያ ሌላ ነገር ተጽፎ መልካም ዜና የሚያገኝ ይመስል።

"ይህ እርስዎ ጋ ነበር?"

"መሳቢያዬ ውስጥ። የፈቃድ ወረቀት መስሎኝ። ካወቅሁ በኋላም አላስታውስም ብያለሁ። እሱም ውሸት ነው።"

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ፤ ሌሊቱን ሁሉንም መልስ አዘጋጅቼ ይህችን ብቻ አላዘጋጀኋትም።

"ታዲያ የሁለት ዓመቱን ናሙና ማን አየው?"

እሳቸው ካልኩ ደንብ ጥሰዋል፤ ላድናቸው መጥቼ ራሴው ልጥላቸው ነው። እኔ ካልኩ ደግሞ አሁን አይታየኝም ብያለሁ። ሳይጋብዘኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"እሳቸው" አልኩ። "መዝገቡን ያስወጡት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህ ግቢ የወጣውን ዘር ሁሉ አጽድተው ያዩትም እሳቸው ናቸው። ክር የበቀለበት ማሳ ካለ ይቁጠሩ። ከአርባው ጆንያ በቀር አንድ አያገኙም። አርባውን ያየሁት እኔ ነኝ።"

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን እንድታመጣ ጸሐፊዋን ጠራት። "እርስዎ ቤትዎ ይሂዱና ይጠብቁ" አለኝ።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አገኙኝ። ከፊቴ አወቁት። ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ። ተቆጥተው ነበር።

"ማን አድርጊ አለሽ?"

"ማንም።"

"ነገስ ወረቀት ቢመጣ ማን ያነብልሻል?"

"ልጄን እጠይቃታለሁ።"

"ነግረሻታል?"

"አልነገርኳትም።"

"እንግዲያው መጀመሪያ መንገር ለእሷ ነበር" አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

እሑድ፣ አሥራ አንደኛው ሳምንት

ይህ የእኔ እጅ ጽሑፍ አይደለም። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች። ፊደሏ ትንንሽ ስለሆነ በአንድ ገጽ የእኔን አምስት ገጽ እንደምታስገባ ነግራኛለች፤ ወረቀት አባካኝ ብላኛለች።

መዝገቡ ተቆጠረ። ሌላ ማሳ አልተገኘም። የጋሼ ስንብት ተሽሮ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ አራቱን ወር በማሽናቸው ላይ ሆነው ይጨርሳሉ። ሌላ መርማሪ ይመጣል። እኔ ለጊዜው ታግጃለሁ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት እስኪወስን። የሚወስነውን አውቀዋለሁ።

ትናንት ባለላሟ ጋ ሄድኩ። ፊርማው የእኔ እንደሆነ፣ ሳላይ እንደፈረምኩ ነገርኳት። ቁጭ በይም አላለችኝም፣ ሂጂም አላለችኝም። ማጭድ ሰጠችኝ፤ ከአጥሩ ሥር ያመለጠ ክር ነበር። በእጄ እየዳሰስኩ ሳጭድ ዋልኩ። ለቅዳሜም ነይ ብላኛለች።

ለልጄ የነገርኳት ማክሰኞ ዕለት ነው። ዓይኔን ስነግራት አለቀሰች፤ ሁለት ዓመት ደበቅሽኝ ብላ ከዚያ የባሰ አለቀሰች። ዛሬ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ስለ ጫማዋ የሚለው ጋ ስትደርስ "እንኳን ጻፍሽው" አለች። "አላስታውስም" የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ውኃ ጠጣች።

አንድ ገጽ ግን ማንበብ አልቻለችም። ከመጀመሪያው ሐሙስ በፊት ያለውን፣ የረቡዕን። መስመሩ መስመር ላይ ወጥቶ፣ እንደገና ሌላ መስመር ተጽፎበት፣ ገጹ ጥቁር ሆኗል። "እማ፣ ምንድነው የሚለው?" አለችኝ።

ለጋሼ አየሁት ብያለሁ። ለአጣሪዎቹ አየሁት ብያለሁ። እውነቱን ልናገር ብዬ የሄድኩ ቀን እንኳ ለሥራ አስኪያጁ ያየሁት እኔ ነኝ ብያለሁ።

ከየጆንያው ናሙናውን ወስጄ ሰሃን ላይ አደረግሁ። ነጩን ወረቀት አነጠፍኩ፣ መብራቱን አበራሁ፣ አጉሊ መነጽሩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ዘሩን ወረቀቱ ላይ ካፈሰስኩት መሃሉ ላይ ያንን ባዶ ቦታ ማየቴ ነው። ብቻዬን ነበርኩ፤ ፈራሁ። ሰሃኑን መልሼ ጆንያው ውስጥ ገለበጥኩትና አርባውንም ካርድ ፈረምኩ። አንድም ፍሬ አላየሁም። ለማየትም አልሞከርኩም።

ልጄ እስክሪብቶዋን አቆመች።

"ይሄንንም ልጻፈው?" አለችኝ።

ጻፊው አልኳት።